ገመዱን ሳትፈታ አትውረድ

በዚያ ሳምንት ሞተረኞች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ተቀየረ።

ድሮ የሚጠይቁኝ የዝናብ ልብሱ በስፌቱ ውሃ ያስገባ እንደሆነ፣ የሄልሜቱ መስታወት በትንፋሽ ይጋረድ እንደሆነ፣ የስልክ መያዣው ጉድጓድ ላይ ስልኩን ይጥል እንደሆነ ነበር። ያን ቀን ግን አንዱ የቆዳ ጓንት አነሳና፣ የጣት አንጓዎቹ ላይ የተሰፋውን ጠንካራ ፕላስቲክ በጥፍሩ እያንኳኳ፣ “ይሄ ጥርስ ያወልቃል?” አለኝ።

“ስትወድቅ እጅህን እንዲከላከልልህ ነው የተሠራው” አልኩት።

“እሱማ ገብቶኛል። ያወልቃል ወይ ነው ጥያቄዬ።”

አክስቴ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆና፣ “ለጥርስ ከሆነ የመጣኸው ተሳስተሃል ልጄ፤ ሐኪሙ ያለው ፎቅ ላይ ነው” አለችው። ሳቀ። ጓንቱን ግን ገዝቶ፣ እዚያው አጥልቆት ወጣ።

ሱቁ የአክስቴ ነው። ሄልሜት፣ ጃኬት፣ የጉልበት መከላከያ፣ ካሜራ፣ ሄልሜት ውስጥ የሚገጠም መነጋገሪያ እንሸጣለን። ከፊታችን ዕቃ አድራሽ ሞተረኞች ትእዛዝ የሚጠብቁበት ማዕዘን አለ፤ ከማዕዘኑ ቀጥሎ ነዳጅ ማደያው። ሁሉም ከመግዛታቸው በፊት እኔን ያማክራሉ፤ በየካርቶኑ ውስጥ ያለውን መመሪያ እስከ መጨረሻው የማነብ እኔ ብቻ ስለሆንኩ። ስሜን ትተው “ማኑዋል” ይሉኛል። ድምፄ አይወጣም፤ ስመክራቸው ጆሯቸውን ወደ እኔ ያስጠጋሉ። ሬዲዮ የሚባለው ሞተረኛ ደግሞ አየር ላይ የሌለ ቁልፍ በጣቱ እያዞረ፣ “ማኑዋል፣ ድምፅ ጨምሪ እንጂ” ይለኛል።

ሬዲዮ የተባለው ከወንድሜ ጋር በመነጋገሪያው ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ስለሚውል ነው። ወንድሜን “ሽማግሌው” ይሉታል። ሠላሳ እንኳ አልሞላውም። ሞተር ሲነዳ ግን እንቁላል የጫነ ነው የሚመስለው፤ ጠብ ሲነሳም መሃል ገብቶ የሚያስታርቀው እሱ ነው። እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገድ የዘጋበትን ሾፌር በገዛ ሄልሜቱ ደብድቦ መንጋጋውን ሰብሮታል። ታሰረ። ዳኛው፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ክስ ከመጣበት በቶሎ እንደማይወጣ ነግረውታል። እናታችን ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን። ከእስር የተፈታ ቀን በር ላይ ጫማውን እያወለቀ፣ “ሁለተኛ እጄን አላነሳም” አለኝ። አላነሳምም። ሰው ሲያናድደው ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። እኔ ግን ማዕዘኑ ላይ ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ሥራዬን ትቼ ቀድሜ የማየው እጁ የት እንዳለ ነው።

ጠቡ በደንበኛ ትእዛዝ ነው የተነሳው። ማዕዘኑ ላይ ሕጉ ተራ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይወስዳል። ከድልድዩ ማዶ የነበረው ገበያ ሲፈርስ የማዶዎቹ ሞተረኞች ሥራ አጡና ወደኛ መጡ። ተራ አልያዙም። መሪያቸው “ጥቁር መስታወት” ይባላል፤ የሄልሜቱን ጥቁር መስታወት ሰው ፊት ገልጦ አያውቅም።

መጀመሪያ የተመታው ሬዲዮ ነው። ሁለት የማዶ ሞተረኞች ግራና ቀኝ አጀቡትና አንዱ መሪውን በእግሩ መታበት። አስፋልቱ ላይ ተንሸራቶ የማደያው አጥር ጋ ሲቆም፣ ወርደው ጭንቅላቱን በፌሮ ብረት ደገሙት። እየተንገዳገደ ወደ ሱቃችን ገባ። የሄልሜቱ መስታወት ደቅቆ ስብርባሪው ቅንድቡ ውስጥ ተሰክቷል። ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ትናንሽ ብሎኖች በምይዝበት ወረንጦ አንድ በአንድ ነቀልኩለት። ደሙ በአገጩ እየተንጠባጠበ እንኳ አፉን አልዘጋም።

“ሄልሜቱ አሪፍ ነው፤ ለገዢ ንገሪ” አለኝ። “ሁለት ፌሮ ችሏል በይ። መመሪያው ላይ አለ?”

“የለም። አትንቀሳቀስ።”

“እንግዲያው ጨምሪበት።”

በማግስቱ የኛዎቹ ከማዶዎቹ አንዱን ለብቻው አገኙት። እኛ ሱቅ ፊት ነው ያደረጉት። ሦስት ሆነው በደረቱ አስተኙት። ያ ጓንት የገዛው ሰውዬ የተያዘውን ሰው ቀኝ እጅ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ዘረጋው፤ ሌላው ሞተሩን አስነስቶ የኋላ ጎማውን አመጣበት። ከሱቁ መስታወት በስተጀርባ ቆሜ ነበር። ሞተሩ ትንሽ ጉብታ እንዳለፈ ሁሉ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አክስቴ የበሩን ብረት ልታወርድ ሮጠች።

ወንድሜ ከማዕዘኑ መጣ። እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ መሃላቸው ገባ። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፤ ብቻ ለቀቁት። የተጎዳውን ሰው አንስቶ ሞተሩ ላይ ከፊቱ አስቀመጠው፤ እንደ ሕፃን አቅፎት ወደ ሐኪም ቤት ነዳ።

ሲመለስ የጃኬቱ ፊት በደም ጠንክሯል።

“ሐኪሞቹ ሁለት ጣቶቹን ቆረጧቸው” አለ። ከዚያ የራሱን እጅ እያገላበጠ አየ። “ባለ ጓንቱን ልመታው ነበር። እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጬው ነበር።”

“አልመታኸውም ግን።”

“አልመታሁትም” አለ። ደስ ብሎት አይደለም።

ያኔ ነው ከመደርደሪያው ላይ የአየር ሰደርያውን አውርጄ ያለበስኩት። እሱ ቢጠላውም። ሰደርያው ሆዱ ላይ አጭር ገመድ አለው፤ ያን ገመድ ከሞተሩ መቀመጫ ሥር ከታሰረው ረጅም ገመድ ጋር በመንጠቆ ታያይዘዋለህ። ከሞተርህ ተስፈንጥረህ ስትወድቅ ገመዱ ይሳብና ውስጥ ያለችውን ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ይበሳታል። በዓይን ጥቅሻ ይነፋል፤ አንገትህን፣ ደረትህን፣ ጀርባህን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። በእጅ ጎተት ቢያደርጉት አይሠራም፤ የሰው ሙሉ ክብደት ይፈልጋል።

ችግሩ አንድ ነው። ከሞተርህ ስትወርድ መንጠቆውን መፍታት አለብህ። ረስተህ ወርደህ ከተራመድክ፣ ጧ። የመጀመሪያው ደንበኛ በራችን ላይ ሲፈነዳበት አክስቴ ተኩስ መስሏት ጠረጴዛ ሥር ገብታለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማይረሳ የለም። የረሳ ሰው የሲሊንደሩ ባዶ ቀለህ፣ ቅጽል ስሙ ተጽፎበት፣ ሱቃችን ግድግዳ ላይ ይሰቀልና የማዕዘኑ መሳቂያ ይሆናል። የሬዲዮ ብቻ ሦስት አለ። የወንድሜ አንድም የለም።

ማዶዎቹ የተጎዳውን ሰዋቸውን ሐኪም ቤት ያደረሰው ማን እንደሆነ ሰሙ። ሊነጋገሩ ላኩበት። ነዳጅ ማደያው ውስጥ፣ በቀን፣ ሁሉም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሄልሜቱን መሪው ላይ ሰቅሎ፣ ባዶ እጁን።

ከንግግሩ አንድ ቀን በፊት ጥቁር መስታወት ብቻውን ወደ ሱቁ ገባ። አክስቴ ካርቶን የምትከፍትበትን መቀስ ወደ ራሷ አስጠጋች። ሰውዬው ግራ ቀኝ አየና መስታወቱን ገለጠ። እኔ የጠበቅኩት ሌላ ፊት ነበር። ጢም ያልሞላለት፣ እንቅልፍ ካጣ የቆየ ሰው ፊት ነው።

“የአየር ሰደርያ አላችሁ አሉኝ።”

“አለ።”

“አልሰማሁሽም።”

“አለ” አልኩት ደግሜ።

“ከኋላ በብረት ቢመቱኝ ይይዛል?”

“ከተነፋ በኋላ ከሆነ ጀርባህንና አንገትህን ይከላከላል። ፊትህንና ክንድህን አይሸፍንም።”

“ያለ ገመድ የሚሠራም አለ ሲባል ሰምቻለሁ። የቱ ይሻላል?”

“እሱ በራሱ ነው የሚነፋው፤ ግን ባትሪውን መሙላት አለብህ። ባትሪ መሙላት የምትረሳ ከሆነ ባለ ገመዱ ይሻልሃል።”

“እረሳለሁ” አለ። ቀጥሎ ብዙ ጠየቀ። በዝናብ ይበላሽ እንደሆነ፣ ከጃኬት በላይ ነው ወይስ በታች፣ አንዴ ከፈነዳ አበቃለት ወይ። ልክ እንደ ሌላው ደንበኛ ሁሉ። ለበሰውና መስታወት ፊት ቆመ። ደረቱ ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች አሳየሁት፤ በአንድ እጁ ሲከፍት ሲዘጋ ቆየ። ከዚያ ለሁሉም የምለውን አልኩት።

“ገመዱን ሳትፈታ አትውረድ።”

“ገመዱን ሳልፈታ አልወርድም” አለ፤ ትምህርት ቤት እንዳለ ተማሪ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን አየ። “እነዚህስ?”

“የረሱ ሰዎች ናቸው።”

“የኔን አትሰቅዪውም” አለ፤ ፈገግ እንደማለትም አለ። በሩ ጋ ደርሶ መስታወቱን ሊያወርድ ሲል ቆመ። “ሽማግሌው ወንድምሽ ነው አሉ። እጅ አያነሳም አሉ። እውነት ነው?”

“እውነት ነው።”

“ነገ ራሴን ገልጬ የምመጣው እሱን አምኜ ነው” አለና ወጣ።

አክስቴ መቀሱን ወደ ቦታው እየመለሰች፣ “እኛ ለማን እንደምንሸጥ ወንድምሽ ባይሰማ ይሻላል” አለችኝ። እኔ ግን ነገርኩት። “ይልበስ” አለ ወንድሜ። “የፈራ ሰው ቀድሞ ይማታል። እሱን ከለበሰ ፍርሃቱ ይቀንስለታል።”

በነጋታው አክስቴ በሩን ግማሽ ዘጋችው። ጠረጴዛው ላይ ለደንበኛ ማሳያ የምናስቀምጠው መነጋገሪያ አለ፤ ከወንድሜና ከሬዲዮ ጋር ያገናኘሁት ስሞክረው ነበር። ሄልሜታቸው መሪው ላይ ተሰቅሎም ድምፁን ያመጣልኛል። ሬዲዮ ቅንድቡ ተሰፍቶለት ወደ ማደያው ሲገባ፣ “ማኑዋል፣ ስርጭት ጀምረናል” አለኝ። ሄልሜቱን ሲያወልቅ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት።

በሱቁ መስታወት በኩል ሁሉንም አያለሁ። የኛዎቹ በአንድ ወገን፣ ማዶዎቹ በሌላው። ወንድሜ ገመዱን ፈታ፣ ወረደ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መሃል ቆመ። ጥቁር መስታወት መጨረሻ ላይ መጣ። ሞተሩን አጠፋ። ሄልሜቱን ሲያወልቅ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ፤ ፊቱን ያየ ስላልነበረ።

“ይሄ ነው እንዴ?” የሚል ድምፅ መጣ። ባለ ጓንቱ ነው። “ይሄማ ገና ጡት አልጣለም። እናቱ ፈቅዳለት ነው የመጣው?”

ሳቅ ሆነ። ከማዶዎቹ መካከልም አንድ ሁለቱ ሳቁ። የጥቁር መስታወት እጅ ወደ ሆዱ፣ ወደ መንጠቆው እየሄደ ነበር፤ አየሁት። ሳቁ ሲመጣ እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ፊቱ ቀላ፣ እግሩን አዞረ፣ ወረደ።

“ገመዱን” አልኩ፤ ለሱቁ መስታወት። መነጋገሪያውን አነሳሁና “ገመዱን ፍታ በሉት” አልኩበት። ድምፄ መሪው ላይ በተንጠለጠሉት ሄልሜቶች ውስጥ ቀረ።

ወደ ባለ ጓንቱ ተራመደ።

ጧ።

“ተኮሰ” አለ አንዱ። ባለ ጓንቱ ከጃኬቱ ሥር ሰንሰለት አወጣ፤ ባዶ እጅ ተብሎ የነበረው ነገር በአንድ አፍታ ተረሳ፤ ከየመቀመጫው ሥር ፌሮ ወጣ። ሰንሰለቱ የአንዱን የማዶ ሰው ጆሮ ይዞ ሲመለስ፣ የነዳጅ መቅጃው መስታወት በደም ተረጨ። ሰው የሰውን አፍንጫ በጉልበቱ ሲመታ፣ የወደቀው ላይ ሁለት ሦስት ሆነው ሲቆሙበት አየሁ። ከመነጋገሪያው የሚወጣው ትንፋሽና ብረት ብቻ ነው። ከዚያ፣ በጣም ቅርብ፣ እንደ እርጥብ እንጨት የሚሰነጠቅ ድምፅ መጣ። አንዱ ሬዲዮን በፌሮ፣ እዚያው የተሰፋው ቅንድቡ ላይ መታው። ሄልሜቱ መሪው ላይ ነበር።

“ሬዲዮ” አለ የወንድሜ ድምፅ። “አናግረኝ። የኔ ወንድም፣ የሆነ ነገር በል።”

ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ወንድሜ ካጎነበሰበት ተነሳ። እጁ ኪሱ ውስጥ አልነበረም። መሬት ላይ የወደቀውን ፌሮ አነሳ።

አክስቴ “ወዴት ነው?” ስትለኝ በግማሹ በር ሾልኬ ነበር። መኪና ጮኸብኝ፤ አልቆምኩም።

ስደርስ ጥቁር መስታወት እንደተነፋ ቆሟል። ሰደርያው አንገቱን ስለያዘው መዞር አልቻለም፤ ከየት እንደሚመጣበት አያይም፤ እጆቹ ከጎኑ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። “ተኩስ አይደለም፣ ተኩስ አይደለም” ይላል፤ የሚሰማው የለም። ወንድሜ መጀመሪያ ክንዱን መታው። ክንዱ ክርን በሌለበት ቦታ ታጠፈ። ሁለተኛውን አፉ ላይ አሳረፈበት። ሰውዬው በጀርባው ወደቀና እንደ ተገለበጠ ኤሊ መነሳት አቃተው። ደሙን እየዋጠ ወደ ላይ ያያል። ወንድሜ እግሩን ግራና ቀኝ አድርጎ ከላዩ ቆመ፤ ፌሮውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳ።

ስሙን ጠራሁት። ድምፄን ጩኸቱ ዋጠው። ክንዱን ያዝኩት፤ ማን እንደሆንኩ ሳያይ በክርኑ ደረቴን መታኝና ጣለኝ። ከወደቅሁበት ቀና ስል የወንድሜን ሰደርያ ገመድ አየሁት። ሆዱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ፈትቶ ነው የወረደው፤ እሱ አይረሳም።

ተንፏቅቄ መሃላቸው ገባሁ፣ ገመዱን እጄ ላይ ጠመጠምኩ፣ ከዚያም ክብደቴን ሁሉ ለመሬት ለቀቅኩት።

ጧ።

በማደያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት ያዘ። ሰደርያው የወንድሜን ደረት ጨምድዶ፣ አገጩን ወደ ሰማይ ቀና አደረገው፤ ትከሻውን ገፍቶ እጆቹን ከፈታቸው። ፌሮው ከጥቁር መስታወት ጆሮ አጠገብ ወደቀ። ተነሳሁና እግሬን ጫንኩበት።

“ተኩስ አይደለም” አልኩ። ዝም ስላሉ ተሰማ። “ሰደርያ ነው። የመጀመሪያውም ሰደርያ ነበር። ገመዱን ሳይፈታ ነው የወረደው። ማንም አልተኮሰም።”

ባለ ጓንቱ በደረቱ እንደተኛ የያዘውን ሰንሰለት አየ። ጫፉ ላይ የሰው ፀጉር ነበር። ከአጥሩ ሥር ሬዲዮ ማቃሰት ጀመረ። በሕይወት አለ ማለት ነው። የግራ ዓይኑ እንደማትተርፍ ያወቅነው ኋላ ነው።

ፖሊሶች ሲመጡ መሣሪያ እጁ ላይ የተገኘውን ሁሉ ጫኑ። አንደኛው ጥቁር መስታወት አጠገብ ተንበረከከ።

“ማን መታህ?”

ጥቁር መስታወት አንገቱን ማዞር ስላልቻለ ዓይኑን ብቻ አዞረ። ወንድሜን አየ። ብዙ ቆየበት። ከዚያ እኔን አየ፣ እግሬን፣ ከእግሬ ሥር ያለውንም ፌሮ።

“ገመዱን ሳልፈታ ወረድኩ” አለ በተሰበሩት ጥርሶቹ መካከል።

“ማን መታህ ነው ያልኩህ።”

“ገመዱን ሳልፈታ ወረድኩ።”

ሌላ ቃል አልወጣውም። በቃሬዛ ሲያነሱት የታጠፈው ክንዱ ወደቀ፤ ያኔ ጮኸ። ወንድሜ ጩኸቱን ሰማ። አንገቱ ስለተያዘ ወደዚያ ማየት አልቻለም፤ የማደያውን ጣሪያ እያየ ነው የሰማው።

“አውልቂልኝ” አለኝ። “አነቀኝ።”

መቆለፊያዎቹ በአንድ እጅ ይከፈታሉ። መመሪያው ላይ አለ። ፊት ለፊቱ ቆምኩ። የሰው ደም እስከ ክርኑ ድረስ ነክቶታል፤ ጣቶቹ አሁንም የሌለ ነገር እንደጨበጡ ነበሩ።

“እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት” አልኩት።

“አይታጠፍልኝም።”

“እጠብቃለሁ።”

ሰደርያው አየሩን ቀስ እያለ መተንፈስ ጀምሯል። ሞከረ፤ እጁ ወገቡ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። ደግሞ ሞከረ። እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል፤ መጥረግም አልቻለም። ቆሜ ጠበቅኩት። የቀኝ እጁ ጣቶች ኪሱ ውስጥ ሲገቡ፣ የመጀመሪያውን መቆለፊያ ከፈትኩለት።